ካልኩሌተሩ 35 ያለው ቢራ ለምን ለሰለሰ? ጅማ ላይ በሆፕስ ቢራ ለሚሠራው ጠያቂያችን

ወንድሜ፣ 20 ሊትር ቢራ ለመሥራት የአልፋ አሲዱ (የምሬቱ ምንጭ የሆነው ንጥረ ነገር) መጠን 10 በመቶ የሆነ 30 ግራም ሆፕስ (ቢራን ለማምረር የሚጨመር የአበባ ዓይነት) ለ60 ደቂቃ እንዳፈሉ፣ የቢራ ምሬት የሚያሰላው ካልኩሌተር 35 አይ ቢ ዩ (የምሬት መለኪያ) ቢልዎም ቢራው ጣፋጭና ለስላሳ ሆኖ እንደወጣ ጽፈው የት እንደተሳሳቱ ጠይቀዋል። ስሌትዎ ትክክል ነው። ዎርቱ (ቢራ የሚሆነው ጣፋጭ የብቅል ፈሳሽ) በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሽ እፍጋት መለኪያ፣ 1.050 እንደሚያሳይ ይዤ የሆፕስን ምሬት በሚያሰላው የቲንሴት ቀመር ስሠራው እኔም 35 ገደማ አግኝቻለሁ። ችግሩ ቀመሩ በማያያቸው ሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ ሁለቱም እኔን ብዙ ስላስከፈሉኝ እርስዎ እንዳይደክሙ በዝርዝር እጽፋለሁ።

1. የምንኖርበትን ከፍታ ያስገቡ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በሆፕስ ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ እንዳለ ብዙም አይሟሟም፤ ቢራውን የሚያመርረው በሙቀት ቅርጹን ለውጦ አይሶ አልፋ አሲድ ሲሆን ነው። ማሎዊኪና ሼልሃመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህ ለውጥ በየሙቀቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለክተዋል፤ በእነሱ ቁጥሮች ሳሰላው በ94 ዲግሪ ያለው ፍጥነት በ100 ዲግሪ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ 60 ደቂቃ እንደ 36 ደቂቃ ይቆጠራል፣ 35 የተባለውም ወደ 29 ይወርዳል። ይህን ለማካካስ ወይ ሆፕሱን ወደ 36 ግራም ያሳድጉ፣ ወይ 100 ደቂቃ ያፍሉ። እኔ ግራሙን መጨመር እመርጣለሁ፤ ረጅም መፍላት ከሰል ይፈጃል፣ ዎርቱንም እያተነነ ያወፍረዋል።

በዚህ ረገድ የጌሾ ልምዳችን ያሳስተናል። ለጠላ ጌሾውን በውሃ ጠንስሰን ለጥቂት ቀናት ስንተወው ምሬቱን ሳይፈላ ይለቃል፤ ሆፕስ ግን እንዲህ አይደለም። የጌሾ ምሬት ከሌላ ውህድ ስለሚመጣ የጌሾን ግራም በዚህ ቀመር ማስላትም አይቻልም።

2. ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን 10 በመቶ እንዳለ አይቀበሉ። ቁጥሩ ሆፕሱ በተመረመረበት ጊዜ የነበረው ነው፤ አልፋ አሲድ ደግሞ ሙቀትና አየር ሲያገኘው እየቀነሰ ይሄዳል። የእኔን ሆፕስ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ አየር በማያስገባ ፎይል አሽጎ ነበር የላከልኝ። ዕቃው ያረፈበት መሥሪያ ቤት አረንጓዴ ነገር መሆኑን ሲያይ ፎይሉን በምላጭ ቀደደና «ይጣራል» በሚል በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በበጋው ሙቀት ለሳምንታት አቆየው። የቢራ ግብዓት መሆኑን የሚገልጸውን ደረሰኝ ይዤ ቀርቤ ቢያንስ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቀመጥልኝ ስለምን፣ በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛ ወረቀቴን ሳያነብ «እዚህ ፍሪጅ የምናከራይ መሰለህ?» ብሎ መለሰኝ። በመጨረሻ ቀዳዳው በፕላስተር ተለጥፎ ተሰጠኝ፣ የመጋዘን ኪራይም ከፈልኩ። ሕጋዊ ሰነድ ይዞ የቀረበ ሰው ሰነዱ ሊነበብለት ይገባ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሆፕሱ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ የከረመ አይብ ሽታ ይሸት ነበር።

ምን ያህል እንደተበላሸ ግን በግምት ልተወው አልፈለግሁም። አንድ ተጓዥ የዚያኑ ዓይነት ሆፕስ በትንሽ እሽግ ሳይከፈት ሲያመጣልኝ፣ አሮጌውንና አዲሱን እኩል መዝኜ በሁለት ድስት፣ በእኩል ውሃ አንድ ሰዓት አፈላሁ፤ የተነነውን ውሃ ተክቼ አጠለልኩ። ከዚያ የአዲሱን ፈሳሽ በውሃ እያቀጠንኩ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልተነገራት ባለቤቴ ሁለቱን እያፈራረቀች እንድትቀምስ አደረግሁ። እርሷ የምትቀምሰው ሲደባለቅባትና መለየት ሲያቅታት የአዲሱ ቅንብር 7 እጅ ፈሳሽና 3 እጅ ውሃ ነበር፤ ስለዚህ 10 በመቶ የተባለውን የአሮጌውን ሆፕስ አልፋ አሲድ 7 በመቶ ብዬ አሰላሁት። ቤተ ሙከራ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፣ በራሴ ስለደረስኩበትም እኮራበታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ቢራ ሁሉ ያሰብኩትን ምሬት ይዞ ወጥቷል።

የእርስዎም ሆፕስ በዚሁ መንገድ እንደመጣ ስለምገምት ሒሳቡን ልጨርሰው፦ በከፍታው ምክንያት 29 የሆነው በ7 በመቶ አልፋ አሲድ ሲሰላ 20 ገደማ ይሆናል። ቢራዎ የለሰለሰው ለዚህ ነው። በያዙት ሆፕስ 35 ለማግኘት ለ60 ደቂቃ 51 ግራም ያህል ያስፈልግዎታል፤ ግራሙን በወጥ ቤት ሚዛን ሳይሆን ወርቅ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት ይመዝኑ፣ 20 ሊትሩንም ከማፍላትዎ በፊት ሳይሆን ካፈሉ በኋላ ይለኩ። የተረፈውን ሆፕስ አየሩን አስወጥተው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፣ ከሚቀጥለው ቢራ በፊትም የሁለቱን ድስት ፍተሻ ይድገሙት።