ሦስት ሳጥን ያለው የጀርመኖች ስም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ እሑድ እሑድ ቡና እየጠጣን መስቀለኛ ቃላት እንሞላለን። በቅርቡ ከአንድ የጨዋታ መጽሐፍ ባገኘነው ሰንጠረዥ ላይ፣ ወደ ጎን፣ «ብዙ ዝነኛ ሰዎች የሚጠሩበት የጀርመኖች የቤተሰብ ስም» የሚል ፍንጭ ከሦስት ሳጥን ጋር ቀርቦልን ተከራከርን። በሦስተኛው ሳጥን ወደ ታች የሚያልፈው ቃል ፍንጩ «በውርጌሳና በወልዲያ መካከል ያለች ከተማ» ስለሆነ «መርሳ» ብለን ስንሞላ የስሙ መጨረሻ «ር» ሆነ። በሁለተኛው ሳጥን የሚያልፈው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ደግሞ በ«ጠ» ጀምሮ በ«ቀ» የሚያልቅ ሲሆን ፍንጩ «መልስ ፈለገ» ይላል። እኔ «ጠበቀ» ነው ብዬ «ቬበር» ሞላሁ፤ ባልደረባዬ «ጠየቀ» ነው ብሎ «ማየር» አለ። የመጀመሪያው ሳጥን ከሌላ ቃል ጋር አይገናኝም። የመጽሐፉ መልስ «ማየር» ነው፤ እኔ ግን በዚህ ስም የሚታወቅ ዝነኛ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ማየሮች እነማን ናቸው? ዝምድናስ አላቸው? ፍንጩስ ተገቢ ነው?
(አንባቢያችሁ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምርና፣ ፍንጩ ተገቢ አይደለም። «መልስ ፈለገ» ለሚለው «ጠየቀ» እንደሚቀርብ እናምናለን፤ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የጠየቀ ነውና። ይሁን እንጂ «ጠበቀ» ያሉትም ከቋንቋው አልወጡም፤ «ቬበር»ም «ብዙ ዝነኛ ሰዎች» ለሚለው ከ«ማየር» ባልተናነሰ ይገባል። ማኅበረሰብን ያጠናው ማክስ ቬበር፣ «ፍራይሹትዝ» የተባለውን ኦፔራ የደረሰው ካርል ማሪያ ፎን ቬበር፣ የማግኔት ፍሰት መለኪያ በስሙ የተጠራለት የፊዚክስ ሊቁ ቪልሄልም ቬበር በዓለም የታወቁ ናቸው። አንድ ሰንጠረዥ በሁለት መንገድ ያለ እንከን ከተሞላ ጥፋቱ የአዘጋጁ እንጂ የሞሊው አይደለም።

ችግሩን ያባባሰው ፊደላችን ነው። ጀርመኖች በራሳቸው ፊደል ሲጽፉ ሙለር ስድስት፣ ፊሸር ሰባት፣ ቬበር አምስት ፊደል ስለሚወስዱ፣ ሳጥኑን መቁጠር ብቻውን ግማሹን ግምት ይጥላል። በእኛ ፊደል ግን ሙለርም፣ ፊሸርም፣ ቬበርም፣ ማየርም፣ ሽሚትም ሦስት ሦስት ሳጥን ናቸው፤ መርሳ ያወረደችላችሁ «ር» ከእነዚህ ውስጥ የጣለችው ሽሚትን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የእኛ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አንድ መገናኛ ሳጥን በላቲን ፊደል ከሚሰጠው የበለጠ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሳጥን በእርግጠኝነት ቢታወቅ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ስለዚህ በአማርኛ የውጭ ስም የሚያስገባ አዘጋጅ ቢያንስ ሁለቱን ሳጥኖች አንድ መልስ ብቻ ባላቸው ቃላት ሊያስር፣ ፍንጩንም ወደ አንድ ሰው ሊያጠብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ማየሮች እንለፍ። ስሙ በመካከለኛው ዘመን የባለርስቱን መሬት በውክልና የሚያስተዳድር ሹም መጠሪያ ነበር፤ በእኛ አገር ምስለኔ እንደምንለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሹም በየመንደሩ ስለነበረ ስሙም በየመንደሩ ቀረ፤ ዛሬ ጀርመኖች አራት ያህል የተለያየ አጻጻፍ ይሰጡታል። በአማርኛ ሁሉም አንድ ይሆናሉና ዝነኞቹን ስንቆጥር አጻጻፉን አልለየንም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለእኛ ከሁሉ የሚደንቀው ሐኪሙ ዩሊየስ ሮበርት ማየር (1814–1878) ነው። በ1840 በሆላንዶች መርከብ ላይ ሐኪም ሆኖ ወደ ጃቫ ሄደ፤ በዚያን ዘመን በነበረው ልማድ የመርከበኞቹን ደም ሲያፈስ ከደም መልስ የወጣው ደም በአገሩ ከለመደው ይልቅ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ ኦክስጅን ማቃጠል ስለማያስፈልገው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡ፣ ጠቅላላ መጠናቸው ግን የማይጠፋ መሆናቸውን በ1842 ጽፎ አሳተመ። የኃይል አለመጥፋት ሕግ እያልን በትምህርት ቤት የምንማረው ሐሳብ ከመጀመሪያዎቹ አፍላቂዎች አንዱ ይህ ሐኪም ነው። ዘመኑ ግን ቶሎ አላወቀለትም፤ እውቅናው ዘግይቶ መጣለት።

ኬሚስቱ ሎታር ማየር ንጥረ ነገሮችን በሠንጠረዥ በመደርደር ከሜንዴሌየቭ ጋር ትይዩ የሠራ ሲሆን፣ በ1882 ሁለቱ የዴቪ ሜዳሊያን በጋራ ተሸልመዋል፤ ተማሪዎቻችን የአንዱን ስም ብቻ መያዛቸው ያሳዝናል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ቶቢያስ ማየር ያዘጋጀው የጨረቃ ሰሌዳ መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ኬንትሮስ እንዲያሰሉ ስለረዳ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለሚስቱ 3000 ፓውንድ ከፍሏል። ሃንስ ማየር በ1889 ከኦስትሪያዊው ሉድቪግ ፑርትሼለር ጋር የኪሊማንጃሮን ጫፍ የረገጠ ነው። ኳስ ለሚወዱ ደግሞ ዜፕ ማየር አለ፤ ምዕራብ ጀርመን በ1974 ሆላንድን 2 ለ 1 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ በረኛው እርሱ ነበር፤ የማሸነፊያውን ግብ ያገባው ጌርድ ሙለር መሆኑ ደግሞ የእናንተን ሰንጠረዥ ይበልጥ ያወሳስበዋል።

እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። በወሎ «አሊ» ወይም «አበበ» የአባታቸው ስም የሆነ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ ማንም ወንድማማች ናቸው ብሎ እንደማይጠረጥር ሁሉ፣ የጀርመን የቤተሰብ ስምም ሲበዛ ዝምድናን አያመለክትም። እርስዎ በመረጡት ስም ግን ነገሩ ይለያል፤ ቪልሄልም ቬበር የሥሜት ሕዋሳትን ያጠናው የኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር ወንድም ነው፤ ማክስ ቬበርም የፋብሪካ ቦታ አመራረጥን ያጠናው የአልፍሬድ ቬበር ወንድም ነው።

ለወሎ አንባቢ ግን አዘጋጁ ከመጽሐፍ ቅርብ የሆነ ማየር ነበረለት። ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የወንጌል ማሠልጠኛ ተልከው ወደ አገራችን ከመጡትና በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ከሠሩት የእጅ ባለሙያዎች አንዱ ማየር ይባል ነበር፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከአውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ጋር እዚያው ነበረ። «በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ከሠሩት የእጅ ባለሙያዎች አንዱ፤ የኪሊማንጃሮን ጫፍ የረገጠውም ሰው ስሙን ይጋራዋል» ቢባል ቬበርም፣ ፊሸርም፣ ሙለርም በአንድ ጊዜ ይወድቁ ነበር፤ የማያውቀውም ሰው የት ሄዶ እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እንጨምር። ስሙን «ሜየር» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ የጀርመኖቹ አነባበብ ግን ወደ «ማየር» ይቀርባል። በእናንተ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ሳጥን ከሌላ ቃል ጋር ስለማይገናኝ ሁለቱንም አጻጻፍ ትክክል ብሎ መቀበል ይገባል።