በጣሪያ ሥር የተካሄደው የቴኒስ ውድድር፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሣር ላይ ስለሚካሄደው ዝነኛ የለንደን የቴኒስ ውድድር፣ ስለ ዊምብልደን፣ ስንጫወት ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ከእርሱ ጎን ስለነበረውና ስለተረሳው ውድድር ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ በጣሪያ ሥር ይካሄድ የነበረው የብሪታንያ ሻምፒዮና ማለቴ ነው። እስቲ በተራ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መቼና የት ነው የተጀመረው?

መልስ፦ በ1885፣ ለንደን ፖርቼስተር አደባባይ በሚገኘው የሃይድ ፓርክ የሜዳ ቴኒስ ክለብ። ወለሉ እንጨት ነበር። የመጀመሪያውን የወንዶች ነጠላ (አንድ ለአንድ) ውድድር ያሸነፈው ሄርበርት ሎፎርድ ነው። ከ1890 ጀምሮ ውድድሩ ወደ ኩዊንስ ክለብ ተዛወረ።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ሣራቸውን እንደ ዓይን ብሌናቸው ነው የሚያዩት። ታዲያ ምን አስጨነቃቸውና ጣሪያ ሥር ገቡ?

መልስ፦ ዝናቡ ነዋ! በ1877 የመጀመሪያው ዊምብልደን ፍጻሜ ራሱ በዝናብ ምክንያት ተላልፎ ነው የተካሄደው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ሣሩ ይጨቀያል፣ ቀኑም ያጥራል። ገንዘብ ያላቸው ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ይወርዱ ነበር፤ እነዚያ ዝነኛ መንትዮች፣ ዊሊያምና ኧርነስት ሬንሾ፣ ካን ከተማ ይለማመዱ ነበር። ለንደን የቀረው ግን ራኬቱን ሰቅሎ በጋን መጠበቅ ነበረበት።

እኔ ከዝናቡ እኩል የምቆጥረው ሌላ ምክንያት አለ። በመስታወት ላይ የነበረው ግብር በ1845 ተነሣና መስታወት ረከሰ። በ1851 ከብረትና ከመስታወት የተሠራው ክሪስታል ፓላስ ሲከፈት፣ ሰፊ ቦታን ብርሃን በሚያስገባ ጣሪያ መሸፈን እንደሚቻል ሕዝቡ በዓይኑ አየ። የባቡር ጣቢያዎቹም ተከተሉ። ያ የግንባታ ጥበብ ባይኖር ኖሮ የቴኒስ ሜዳን የሚያህል ቦታ፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መሮጫውን ጨምሮ ማን ይሸፍነው ነበር?

ጥያቄ፦ ቴኒስ እኮ ድሮም የነገሥታት የቤት ውስጥ ጨዋታ ነበር ይባላል።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። በጥንቱ ቴኒስ ግድግዳው ራሱ የጨዋታው አካል ነው፤ ኳሱ እየነጠረበት ይቀጥላል። በ1789 የፈረንሳይ የሕዝብ ተወካዮች ቬርሳይ ውስጥ ቃለ መሐላ የፈጸሙበት አዳራሽም የዚያ ጨዋታ ቦታ ነበር። ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ በ1874 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው ግን ሣር ላይ የሚነጥር የጎማ ኳስ ያለበት፣ ግድግዳ የማያስፈልገው ጨዋታ ነው። በ1885 ጣሪያ ሥር የገባው ይኸኛው ነው።

ጥያቄ፦ እንጨት ወለል ላይ ጨዋታው ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንጨት ላይ ኳሱ ፈጣን ነው፤ ዝቅ ብሎ ተንሸራቶ ይመጣል። የሚነጥርበት መንገድ ግን አይዋሽም። በዚያ ዘመን ሣር ላይ ኳስ ጉድጓድ ካገኘ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ነፋሱ ይገፋዋል፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ጣሪያ ሥር እነዚህ ሁሉ ተወገዱና ተጫዋቹ ከእጁና ከእግሩ ጋር ብቻ ቀረ። የተሸነፈ ሰው የሚያመካኝበት አልነበረውም። ስለዚህ በእኔ እምነት ይህ ውድድር የተጫዋችን ችሎታ ለመለካት ከዊምብልደን ያላነሰ ሚዛን ነበር።

ኧርነስት ዉል ሉዊስን ተመልከቱ። የዊምብልደንን የነጠላ ውድድር አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ስሙን ዛሬ የሚያነሣ የለም። እዚህ ግን ዋንጫውን ደጋግሞ ወስዷል፤ እንጨቱ ላይ የዘመኑ አውራ እርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ሎፎርድስ?

መልስ፦ ከኋላ መስመር በኃይለኛ የፊት ምት የሚታወቅ፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ከ1884 እስከ 1886 በተከታታይ ሦስት ዓመት በዊምብልደን ፍጻሜ በዊሊያም ሬንሾ ተሸነፈ። ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1887፣ በ36 ዓመቱ፣ ዊምብልደንን አሸነፈ። ጣሪያ ሥር ያገኘው ድል እንግዲህ በእነዚያ የሽንፈት ዓመታት መካከል የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች ይጫወቱ ነበር?

መልስ፦ አዎን እህቴ። ዊምብልደን በ1884 ለሴቶች ሲከፈት ያሸነፈችው ሞድ ዋትሰን ናት። ጣሪያ ሥር ደግሞ የሴቶች ነጠላ በ1890 ተጀመረ፤ አሸናፊዋ ሜይ ጃክስ ነበረች። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በኮርሴት አስረው በዚያ ፈጣን ወለል ላይ መሮጣቸውን ሳስብ ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። በ1895 ያሸነፈችው ሻርሎት ኩፐር በ1900 ፓሪስ ላይ በቴኒስ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ጥያቄ፦ ሽልማቱ ስንት ነበር? ከዚህ ይኖሩ ነበር?

መልስ፦ አይኖሩም። አማተሮች ነበሩ፤ የሚጫወቱት ለክብርና ለዋንጫ ነው። ስለዚህም አብዛኞቹ ኑሯቸው የተደላደለ ሰዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ከእንግሊዝ ወጣ ወይስ እዚያው ቀረ?

መልስ፦ ወጣ እንጂ። አሜሪካኖች በ1898 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን ላይ የራሳቸውን ጀመሩ፤ በ1900 ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ አንድ ክፍለ ጦር ሰፊ አዳራሽ ወሰዱት። ለንደን ላይ ደግሞ ሎውረንስ ዶኸርቲ ከ1901 እስከ 1906 ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የቤት ውስጥ ቴኒስ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኖ ኩዊንስ ክለብ ተካሄደ፤ አርተር ጎርና ግዌንዶሊን ኢስትሌክ ስሚዝ ወርቁን ወሰዱ። በ1912 ስቶክሆልምም ተደግሟል።

ጥያቄ፦ ኩዊንስ ክለብ ዛሬም አለ?

መልስ፦ አለ፣ ምዕራብ ኬንሲንግተን ውስጥ። ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከዊምብልደን በፊት በሚደረገው የሣር ሜዳ ውድድር ነው።