ሽማግሌውም ወጣቱም አብረው ለሚሠሩበት ድርጅት የማንነት ስርቆት ጥበቃ ያዋጣል ወይ?

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ያስተዳድራሉ። ሠራተኞቻቸው ገና ከኮሌጅ ከወጡ ልጆች ጀምሮ የጡረታ ዕድሜያቸው አልፎም ሥራ እስካላቆሙ አዛውንቶች ድረስ ናቸው። በሚቀጥለው የጥቅማጥቅም መመዝገቢያ ወቅት የማንነት ስርቆት ጥበቃ፣ ማለትም በሰው ስም ማጭበርበር ሲፈጸም የሚያስጠነቅቅና ለማስተካከል የሚረዳ አገልግሎት፣ ሊጨምሩ አስበው ሐሳባቸውን ሲያማክሩ ወጣቶቹ «እኔ ምን አለኝና ምን ይሰረቀኛል?» አሉ፤ አዛውንቶቹ ደግሞ «እኔ ኢንተርኔት አልነካ» ብለው ገፉት። ታዲያ ለማን ብዬ ነው ገንዘብ የማወጣው? ይላሉ።

በሠራተኞች ጥቅማጥቅም ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። ይህ አገልግሎት ከአንድ በላይ በሆኑ ድርጅቶች ሲገባ፣ በአንዱ ሲጠቅም በሌላው ተረስቶ ሲቀር አይቻለሁ። መልሴ ያዋጣል ነው። ሆኖም ሻጮቹ የሚነግሩዎትን ምክንያት ይተዉት።

ከሁለቱ ተቃውሞዎች ልጀምር፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ወጣቱ ሌባ የሚመጣው ኪሱ ውስጥ ላለው ገንዘብ ይመስለዋል። ሌባው የሚፈልገው ግን በልጁ ስም የሚበደረውን ነው። ገና ብዙ ዕዳ ያልተጻፈበት ስም ለአበዳሪ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ልጁ ነገሩን የሚያውቀው አፓርታማ ለመከራየት ወይም መኪና ለመግዛት ሄዶ ሲከለከል ነው። አዛውንቱ ደግሞ ኢንተርኔት ባይነኩም መረጃቸው ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ በእርስዎም የደመወዝ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበው ኢኩዊፋክስ የተባለው የክሬዲት ቢሮ ሲዘረፍ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ወጣ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ የኩባንያውን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ነበሩ! ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን ካርድም እስከ 2018 ድረስ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት የሚሰጠው የግል መለያ ቁጥር) ታትሞበት ነበር። አሮጌውን ካርድ ዛሬም በቦርሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሠራተኞች ካሉ እንዲያስወግዱት ይንገሯቸው። ሌላም አለ፦ በሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የራሱን አካውንት ያልከፈተ አዛውንት፣ ሌላ ሰው በስሙ እንዲከፍት ቦታውን ለቆለታል። «አልነካም» ማለት ከለላ አይሆንም።

ይሁንና ይህን አገልግሎት ከሁሉ ይበልጥ ሲጠቀሙበት ያየሁት በመካከል ያሉትን፣ ልጅ የሚያሳድጉና ወላጅ የሚጦሩ ሠራተኞችን ነው። ስለዚህ ነገሩን በዕድሜ ከፋፍለው ከማየት ይልቅ በቤተሰብ ቢመለከቱት ይሻላል። የሕፃን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌባ እጅግ ምቹ ነው፤ እስኪያድግ ድረስ የሚመረምረው ሰው የለም። ሌባው የልጁን ቁጥር ከሐሰተኛ ስምና ከሐሰተኛ የትውልድ ቀን ጋር አዋሕዶ አዲስ ሰው ይፈጥራል። ከ2011 ወዲህ ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ስለሚሰጡ፣ አበዳሪው ቁጥሩን በማየት ብቻ የት ወይም መቼ እንደተሰጠ መገመት አይችልም። ዓላማው ሌላ ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ማጭበርበር አንድ መሰናክል ተነሣለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውሉ «ቤተሰብ» የሚለው ማንን እንደሆነ በደንብ ያንብቡ። አንዳንዱ ውል የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ብቻ ይይዛል፤ ለልጆቹም የዕድሜ ገደብ አለው። ሌላው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ወላጆችን ይጨምራል። የትም ቢኖሩ የሚቀበልም አለ። የእኛ ሰው እናቱን፣ አማቱን፣ ታናሽ እህቱን ይዞ የሚኖር በመሆኑ ይህ ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል። የክሬዲት ክትትሉ፣ ማለትም በሰው ስም የሚወጣን ብድር መከታተሉ፣ የሚሠራው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥር ለሌላቸው ወላጆች የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት እንደሆነ ደግሞ ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት። ከፍሎ በኋላ ከሚያዝን ይሻላል።

አንድ የእኛ ብቻ የሚመስል ችግርም አለ። በእኛ ልማድ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ መጨረሻ ስም ይይዛሉ። በሌላ በኩል ስማቸውም የአባታቸውም ስም የሚገጥም የማይተዋወቁ ሰዎች ሞልተዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ዓይነት መልክ ይይዛል። የአንዱ ሰው ዕዳ በሌላው የክሬዲት ሪፖርት ላይ ተደባልቆ ሲገኝ አጋጥሞኛል። ሠራተኛው ተሰረቅሁ ብሎ ይደነግጣል፤ ጉዳዩ ግን የመዝገብ መደባለቅ ነው። የሚያነጋግሩት ኩባንያ እንዲህ ያለውንም ያርማል ወይስ «ስርቆት አይደለም» ብሎ ይመልሳል? ይህን ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህ ኩባንያዎች ስርቆትን አያስቀሩም። ክትትሉ የሚነግርዎት ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በስምዎ አዲስ ብድር እንዳይወጣ የሚከላከለው ክሬዲትን ማገድ (አዲስ አበዳሪዎች የብድር ታሪክዎን እንዳያዩ መዝጋት) ሲሆን፣ ይህም ከመስከረም 2018 ጀምሮ በፌደራል ሕግ ነጻ ነው። ወላጅም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጁ ያለ ክፍያ ማሳገድ ይችላል። ሦስቱን የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስን፣ ኤክስፒሪያንንና ትራንስዩኒየንን፣ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋ ማገድ ሌሎቹን አያግድም። እኔ ብሆን ምንም ነገር ሳልገዛ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስቤ ይህን አሳይ ነበር። በነጻ የሚገኘውን ደብቆ በክፍያ ያለውን ብቻ የሚያሳይ አሠሪ በኋላ ሲታወቅበት ያሳፍራል።

«እንግዲያው ለምን እንከፍላለን?» የሚል ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እገዳው በስምዎ የግብር ተመላሽ የሚወስደውን፣ በስምዎ የሚታከመውን፣ ሥራ ሳያጡ የሥራ አጥ አበል የሚጠይቅብዎትን ወይም ያለዎትን የባንክ ሒሳብ የሚነጥቀውን አያቆምም። ለግብሩ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይ አር ኤስ፣ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ 6 አሐዝ የምሥጢር ቁጥር በነጻ ይሰጣል፤ ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ ለሚችል ግብር ከፋይ ሁሉ ክፍት ነው። ይህንንም በዚያው ስብሰባ ያስተምሩ። የቀረውን ማንም አስቀድሞ አይዘጋውም።

ስለዚህ ገንዘብዎ የሚገዛው ነገር ስልክ የሚደውል ሰው ነው። ማንነቱ የተሰረቀ ሰው ለፌደራል ንግድ ኮሚሽን ያመለክታል፣ ለፖሊስ ቃሉን ይሰጣል፣ ለሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ይጽፋል፣ ዕዳ ሰብሳቢዎችን ይከራከራል። አብዛኛው የሚከናወነው በሥራ ሰዓት ነው። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛዎ እያንዳንዱ የስልክ ወረፋ ከደመወዙ ይቀነሳል። አንድ ሠራተኛችን ግብሩን በኮምፒውተር ሲያስገባ «በዚህ ቁጥር ቀድሞ ገብቷል» ተብሎ ተመለሰበት። ፎርም 14039 የሚባለውን የማንነት ስርቆት መግለጫ መሙላት፣ የግብር ቅጹን በወረቀት መላክ፣ ከዚያም መጠበቅ ነበረበት። ጉዳዩን ተረክቦ የሚከታተል ባለሙያ ስለነበረው መጠበቁ ባይቀርለትም መንከራተቱ ቀረለት። ከዚያ በኋላ ኩባንያ ሳማርጥ መጀመሪያ የማየው ይህን ክፍል ነው፦ ባለሙያው በውክልና ሠራተኛውን ወክሎ ይደውላል ወይስ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ሰጥቶ «አንተው ደውል» ይላል? አንዱ ሰው ጉዳዩን እስከ መጨረሻ ይይዛል ወይስ በየጊዜው ሌላ ሰው እየመጣ ከሀ ይጀምራል? የአማርኛ አስተርጓሚ አለ? ሻጩ «አለ» ቢልዎት አይበቃም። ውል ከመፈረምዎ በፊት ራስዎ ማታ ደውለው ይሞክሩት።

«የአንድ ሚሊዮን ዶላር መድን» የሚለው ማስታወቂያ አያፍዝዝዎት። ቁጥሩ ጣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የጠበቃ ክፍያን፣ ከሥራ በመቅረት የታጣ ደመወዝንና የመሳሰሉ ወጪዎችን ሲሆን፣ የተሰረቀውን ገንዘብ መመለስ የራሱ ገደብ አለው። ይልቁንም ሰውየው ተታልሎ በገዛ እጁ የላከው ገንዘብ በብዙ ውሎች አይካተትም። አዛውንቶችን የሚያራቁተው ደግሞ ይኸው ነው፤ «የልጅ ልጅዎ ታስሯል፣ ቶሎ የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ያንብቡልኝ» የሚለው ስልክ። ይህ ክፍተት እንዳለ አዛውንቶቹ በግልጽ ይነገራቸው። የማስታወቂያ ነገር ከተነሣ፣ በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው ላይፍሎክ በ2015 ከፌደራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በነበረው ክስ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ አሳሳች ማስታወቂያ ነበር።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አሠሪው የሚከፍለው የማንነት ጥበቃ በሠራተኛው ገቢ ላይ አይታከልም። አይ አር ኤስ በ2015 መረጃቸው ለተዘረፈባቸው ፈቀደ፤ ቀጥሎም ዝርፊያ ሳይደርስ ለሚሰጠውም አሰፋው። በአገልግሎቱ ፈንታ ጥሬ ገንዘብ ከሰጡ ግን ግብር አለበት። ሠራተኛው ራሱ ከደመወዙ እያስቆረጠ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ነው የሚቆረጠው። የእኔ ምርጫ የሠራተኛውን የራሱን ሽፋን ድርጅቱ እንዲችል፣ የቤተሰቡን ልዩነት ሠራተኛው እንዲከፍል ነው። ሁሉን በፈቃደኝነት ከተዉት የሚመዘገበው ቀድሞ የተጎዳው ብቻ ይሆናል፤ ወጣቱን አያገኙትም።

ከፍለውም ግን አልጨረሱም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ገብቶ አካውንቱን ካልከፈተ ክትትል የለም፤ ብዙ ድርጅት ለማይሠራ አገልግሎት የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው። አስቡት፤ ዓመቱን ሙሉ «ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፣ የማታውቁትን ሊንክ አትክፈቱ» ስንላቸው ኖረን፣ አንድ ቀን ከማያውቁት ኩባንያ «ሊንኩን ከፍተው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚል ኢሜይል እንልክላቸዋለን። ያልከፈቱት ሰዎች ጎበዞቹ ናቸው! ስለዚህ አስቀድመው ራስዎ የፈረሙበት ወረቀት ይስጧቸው፣ የኩባንያውን ስም በቃል ይንገሯቸው፣ ከተቻለም በሥራ ሰዓት አብረው ተቀምጠው ያስመዝግቧቸው። ወጣቶቹ ከአዛውንቶቹ አጠገብ ቢቀመጡ ግማሹ ሥራ ያልቅልዎታል። ለየዕድሜው የተለያየ ብሮሹር ማዘጋጀት ግን አያስፈልግም፤ ሲሞክረው ያየሁት ድርጅት አዛውንቶቹን ከማስቀየም ሌላ ያተረፈው የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የደመወዝ ክፍልዎን ይፈትሹ። አጭበርባሪዎች የሥራ አስኪያጁን ስም ይዘው የሠራተኞችን ሁሉ የደብሊው ቱ ፎርም (የዓመት ደመወዝና ግብር መግለጫ) ላኩልኝ ይላሉ፤ የሠራተኛውን ስም ይዘው ደግሞ ደመወዜ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይግባልኝ ብለው ይጽፋሉ። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ የሚፈጸም ከሆነ ጥበቃ መግዛት በሩን ክፍት ትቶ ዘበኛ መቅጠር ነው። በመዝገብዎ ባለው ስልክ ለሠራተኛው ደውሎ ማረጋገጥ ምንም አያስከፍልም።

በእንክብካቤ ሥራ ሰው ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ አገልግሎቱን በራሱ ክፍያ መቀጠል መቻሉን፣ በስንት ዋጋ እንደሚቀጥልና የተጀመረ ጉዳይ ካለው እስኪያልቅ ድረስ ባለሙያው ከእሱ ጋር መቆየቱን በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ይህን ለማስገባት ፈቃደኛ ያልሆነ ኩባንያ ካጋጠመዎት ወደ ሌላው ይሂዱ።