ተርኪ፣ «የቱርክ ዶሮ» ወይስ ጅግራ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂንያ ነው። ባለፈው የምስጋና ቀን ልጄ አያቱን በስልክ «ዛሬ ተርኪ እንበላለን» ቢላት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው። እኔም «የቱርክ ዶሮ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ልክ ነኝ? ወይስ «ጅግራ» ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ «የቱርክ ዶሮ» አይበሉ። ወፉ ቱርክን ያየው ዘግይቶ ነው። አገሩ አሜሪካ ሲሆን ያለመዱት የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ናቸው፤ ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወሰዱት። እንግሊዞች «የቱርክ ዶሮ» ይሉት የነበረው ሌላ ወፍ ነበር፤ በቱርኮች ግዛት በኩል የሚደርሳቸው የአፍሪካ ወፍ። ያም ጥቁር ላባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት የእኛው ጅግራ ነው! አዲሱ ወፍ ሲመጣ ይህን የጅግራ የእንግሊዝኛ ስም ወረሰ። ስለዚህ ግምትዎ ሥር አለው፤ ነገር ግን ዛሬ «ጅግራ» ቢሏቸው እናትዎ በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሮጠውን ወፍ ነው።

ይህ ወፍ ያልተላከከበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ብለው ለሕንድ ሰጡት። በዕብራይስጥም «የሕንድ አውራ ዶሮ» ነው፤ ሕንድ በዕብራይስጥ የሚጠራበት «ሆዱ» የሚለው ቃል ደግሞ በመዝሙረ ዳዊት «አመስግኑ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ይጻፋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሶርያና የሊባኖስ ዐረብኛ ነው፤ እዚያ ስሙ «ሐበሽ» ነው። ቤይሩት የሠራች ዘመድ ካለችዎት ይጠይቋት፤ ሥጋ ቤት «ሐበሽ» ሲባል ሰምታ ይሆናል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ»፣ በቆሎንም በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» አለ። ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ተናገረ እንጂ ያልበቀለበትን አገር አልሰጠውም። ይህን ጠባይ እወድደዋለሁ፤ «የቱርክ ዶሮ» ብለን የሌላውን ስሕተት ባንወርስ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ «ተርኪ» ይበሉ። ቃሉ በአሜሪካ ባለው ሕዝባችን አፍ ለምዷል፤ አማርኛም ሆኖ ይረባል፦ ተርኪው፣ ተርኪዋ፣ ተርኪዎች፣ አውራ ተርኪ።

በዓሉን ግን «የተርኪ በዓል» አይበሉት፤ እርስዎ እንደጻፉት «የምስጋና ቀን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1621 በአሜሪካ ፕሊመዝ በሚባል ቦታ የሰፈሩት እንግሊዞች የመከር እህላቸውን ሰብስበው ሲደግሱ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከዋምፓኖአግ ዘጠና ያህል ሰዎች አብረዋቸው ሦስት ቀን በሉ፤ አምስት አጋዘንም አድነው ሰጡ። ድግሱን ያየው ኤድዋርድ ዊንዝሎው በደብዳቤው የጠቀሰው «ወፍ» ብሎ ብቻ ነው፤ ተርኪን በስም አላነሣም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 አገር አቀፍ የምስጋና ቀን ዐወጀ፤ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን ሕግ የወጣው በ1941 ነው።

ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ተርኪ የሚባል፣ ከዶሮ እጅግ የሚተልቅ የአሜሪካ ወፍ ነው፤ ለመከር ምስጋና ይታረዳል።»