ለ944 ባለቤቱ ወንድሜ፦ ከሞተሩ በፊት ሊብሬህን አንብብ

ጥያቄህን አየሁት። የ1984 ሞዴል (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፖርሽ 944 ከአጎትህ ደርሶሃል። ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዓመታት ቆሟል። አሁን ልታስነሳው ነው። ከዚያ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ቀይ ትቀባዋለህ፣ ማርሚታውን ትቀይራለህ። አንዱ ደግሞ «የቶዮታ ሞተር ጫንበትና ተገላገል» ብሎሃል። ከየት ልጀምር ነው ያልከው።

ከሊብሬው ጀምር። እየቀለድኩ አይደለም። እኔም ያው መኪና፣ ያው ሞዴል ነው ያለኝ። ሰው ሁሉ «ሞተሩ ያስለቅስሃል» ብሎኝ ነበር። ያስለቀሰኝ ግን አንድ ፊደል ነው።

1. ኮፈኑን ክፈትና የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ አጥራው፤ ፎቶ አንሳው። ከዚያ ሊብሬውን አጠገቡ ይዘህ ፊደል በፊደል ቁጠር። 17 መሆን አለበት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ እንዲህ ይነበባል፦ ደብልዩ፣ ፒ፣ ዜሮ፣ በተከታታይ ሦስት ዜድ፣ 94፣ እንደገና ዜድ፣ ኢ፣ ኤን፣ ከዚያ ስድስት አሃዝ። ሦስቱ ዜዶች ቦታ መሙያ ናቸው፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። ኢዋ የ1984 ሞዴል መሆኑን ትናገራለች። ኤኗ መኪናው የተገጣጠመበትን የኔካርዙልም ፋብሪካ። ከፒ ቀጥሎ ያለው ዜሮ ነው፣ ኦ ብለው ጽፈውት ከሆነ ስህተት ነው። በሻንሲ ቁጥር ውስጥ ኦ የሚባል ፊደል ጭራሽ አይገባም።

የኔ ሊብሬ ላይ ተከታታዮቹ ዜዶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ማን እንደጻፈው ፈጣሪ ይወቅ። በዚያው ሊብሬ ቦሎ እየተለጠፈለት ስንት ዓመት ኖሯል። እኔ ሞተሩን አሠርቼ፣ አሳጥቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ስም ላዛውር ስሄድ ግን አንድ መርማሪ አየው። «አይመሳሰልም» አለና ወረቀቱን ገፋልኝ።

«አንዲት ዜድ እኮ ናት፤ ሲጻፍ ተዘልላ ነው።»

«ፊደል ጎድሎ መኪና አይዛወርም።»

«እሺ ይስተካከልልኝ።»

«በምን ማስረጃ?»

ማስረጃው መኪናው ነው! ደጅ ቆሟል! ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ። እዚያ ያለችው ሴትዮ አንገቷን እንኳ ሳታቀና አዳመጠችኝ። ዜዶቹ ቦታ መሙያ መሆናቸውን፣ ጀርመኖቹ እንዲህ እንደሚጽፉ በትህትና አስረዳኋት። «ዜዱ ምንም ካልሆነ ምን አስመጣህ? ምንም ከሆነ ደግሞ መኪናው ሌላ ነው» አለችኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲስቁ ጆሮዬ ጋለ።

የመጀመሪያውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አምጣ ተባልኩ። መኪናውን ያስገባው ኤምባሲ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ነው። በደርግ ጊዜ ገብቶ በደርግ ጊዜ ወጥቷል። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ እሱን ፈልገው» አሉኝ። የት? ስሙን እንኳ አላውቀውም። አንዱ ጥግ ላይ የቆመ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ጠጋ ብሎ «በአቋራጭ ይጨረሳል» አለኝ። እንዳትሞክራት! የሻንሲ ቁጥር ነገር በአቋራጭ ሲነካ ነው መኪናው ዕድሜ ልኩን ተጠርጣሪ የሚሆነው።

ዲክላራሲዮኑ በመጨረሻ የተገኘው ከሻጩ እናት ቁም ሳጥን ነው። ከመኪናው ማኑዋል ጋር ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። በታይፕ፣ ሦስቱም ዜዶች ቁልጭ ብለው። እሳቸውን መኪናው ውስጥ አስቀምጬ መስቀል አደባባይን አዙሬአቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል። ከዚያም በኋላ ቁጥሩ እንዳልተነካካ ፖሊስ እንዲያረጋግጥ ተጻፈ፣ ተረጋገጠ፣ ደብዳቤው ተመለሰ። በሁዳዴ የጀመርኩት ነገር ለቡሄ አለቀ። ስለዚህ አንተ ዛሬውኑ የአጎትህን መሳቢያዎች ፈትሽ። ቢጫ የሆነ፣ የተቀደደ፣ አይጥ የበላው ወረቀት ቢሆንም እንዳትጥል። አጎትህ በሕይወት ካሉ ደግሞ ማስተካከሉን በራሳቸው ስም ይጀምሩልህ። ባለ ሊብሬው ራሱ ሲቆም ሰዎቹ ትንሽ ይለሰልሳሉ።

ለምርመራ ስትሄድ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ያዝ። የሞተር ቁጥሩ እንደ ቶዮታ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ወደ ኋላ ተደብቆ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኗል። መርማሪው ካጣው «የለውም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የኔው እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። በመስታወቱ ሳሳየው «እንዲህ ነው እንዴ?» አለና ራሱ ፎቶ አነሳው።

ቀለሙም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ቀዩን ከወረቀቱ በኋላ አስብበት፣ ስትቀባም አሳውቀህ ቀባ። በነገራችን ላይ አጎትህ የተዉልህ ቡናማ ቀለም አሁን ተፈላጊ ነው። ቀይማ ሁሉም ቀይ ነው።

2. ቁልፉን አታዙር። ባትሪ ሰክተህ «እስቲ ልሞክረው» እንዳትል። ይህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ቺንጋው በጥቅሉ በ70,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ4 ዓመት የሚቀየር ነገር ነው። ያንተው ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አንተ ታውቃለህ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጣ፣ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርግ፣ ሞተሩን ከፊት በ24 ቁልፍ በሰዓት አቅጣጫ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። ከያዘህ አትታገለው። ታንከሩ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቤንዚንም ድፋው።

ቺንጋዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የታይሚንጉ፣ ሌላው ንዝረት የሚያጠፉትን ሁለት ባላንስ ዘንጎች የሚያዞረው። ፖርሽ ለእነዚያ ዘንጎች ለሚትሱቢሺ የፓተንት ክፍያ ይከፍል ነበር፤ «ጃፓን ምን ያውቃል» የሚል ሰው ሲገጥምህ ንገረው። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋ ቀይረህ ፓምፕና ሮለሮችን የምትተው ከሆነ ሥራውን ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው።

ትልቁ ነገር ግን ውጥረቱ ነው። ስፕሪንግ ያለው መወጠሪያ የመጣው ከ1987 ሞዴል ጀምሮ ነው። የኔና ያንተ በእጅ የሚወጠር ነው። ሜካኒኮቻችን ጎበዞች ናቸው፣ ግን ኮሮላ ላይ የለመዱትን ያደርጋሉ፦ በአውራ ጣት ጫን፣ ትንሽ ከሰጠ በቃ። የኔን መኪና ሻጩ ለአንድ ስመ ጥር ጋራዥ ሰጥቶት በዚያው በአውራ ጣት ተወጠረ። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቺንጋው ጥርስ ዘለለና መኪናው እዚያው ቆመ። ቫልቮቹ ተጣጠፉ። ጋራዡ «ድሮም ያረጀ መኪና ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። ለእኔ እንግዲህ በርካሽ የተሸጠልኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንዱ እንባ ለሌላው ዕድል ሆነ።

ቴስታታውን አውርጄ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቫልቭና ጓርኒሲዮን ከጀርመን በሰው ሻንጣ መጣ። የገጠመልኝ ዕድሜውን ሙሉ ቮልስ ሲሠራ የኖረ ጋሼ ነው። ማኑዋሉን ስልኬ ላይ እያነበብኩለት፣ እሱ እየሠራ። «አንብብ እንጂ አትንካ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ። «አውቀዋለሁ» የሚልህን ሳይሆን «አንብብልኝ» የሚልህን። የካዛንቺስ ሰፈሩ ሲፈርስ ጋራዡ ወደ ከተማ ዳር ወጣ፤ ርቆም ቢሆን እሱው ጋ ነው የምሄደው።

የፖርሽ የራሱ የውጥረት መለኪያ 9201 ይባላል፣ ውድ ነው። ብዙ የ944 ባለቤቶች ክሪኪት የምትባለውን ትንሽ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ እኔም እሷን ነው ያስመጣሁት። አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ እንደገና ይለካ። ይህንን ማንም ጋራዥ አይነግርህም።

3. የቶዮታ ሞተር ነገር። ያማከረህ ሰው መኪናው ሥር ገብቶ አያውቅም። 944 ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ከፊት ናቸው፤ ካምቢዮው ግን ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተጣምሮ ነው። መሀል ላይ በረጅም ቱቦ ውስጥ የሚዞር ዘንግ ያገናኛቸዋል። ክብደቱ ፊትና ኋላ እኩል ለእኩል የሚጠጋው፣ ጥምዝ ላይ የሚጣፍጠውም በዚህ ነው። አንድ ልጅ ፍሪሲዮን ሊቀይርልኝ «ግማሽ ቀን» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ከማርሽ ዘንጉ ሥር ካምቢዮ ፈለገ፣ ቱቦ አገኘ። ወጥቶ «ካምቢዮው ተሰርቋል እንዴ?» አለኝ። ፍሪሲዮን ለመቀየር ማርሚታውም፣ ካምቢዮውም፣ ቱቦውም መውረድ አለባቸው። እዚያ ድረስ ከወረድክ ደግሞ የፍሪሲዮን ዲስኩን እይ። መሀሉ ላስቲክ ከሆነ ይደርቅና ይበጣጠሳል፤ ባለ ስፕሪንጉን አስገባ።

እና የቶዮታ ሞተር ከጫንክ ይህን ሁሉ ታፈርሳለህ፣ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ይቀየራል። ወደዚያች መስኮት መመለስ ትፈልጋለህ? ኃይል አነሰኝ ብለህ ከሆነ ሞተሩን አትውቀስ። የአውሮፓው 944 በባህር ጠለል 163 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ለአየሩ ይገብራል። ማርሚታ ብትቀይር የሚጨምረው ጩኸት ነው።

ዝቅ ማድረግም የጠየቅከው ነው። የፊቱ ሞላ ነው፤ የኋላው ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ የሚሸከም የብረት ዘንግ ነው፣ ሞላ የለውም። «እቆርጥልሃለሁ» ብሎ ግራይንደር ያነሳ ሰው ፊቱን ብቻ ቆርጦ መኪናው አፍንጫውን እንደደፋ ይቀራል። ደግሞስ የት ልትነዳው ነው? ኮሪደሩ ላይ አስፋልቱ መስታወት ነው፣ እሺ። ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ግን ኮብልስቶንና ብሬከር ነው የሚቀበልህ። የኔ ባለበት ከፍታ እንኳ አንዳንዱን ብሬከር አግድም ነው የምሻገረው።

ዕቃ በተመለከተ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ «የፖርሽ» አትበል። ዋጋው ከአፍህ ሳይወጣ ይጨምራል። ዕቃውን አውልቀህ በእጅህ ይዘህ ሂድ። የመጀመሪያዎቹ 944ዎች የኋላ እግር አሠራር ከቮልስ የመጣ ነው፤ ኩሽኔታ ስትፈልግ ከድሮ የቮልስ ሰዎች ጀምር። የኤሌክትሪኩ ብዙው ቦሽ ነው። ቺንጋ፣ ፓምፕና ሮለር ግን ከዚህ አትግዛ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምን። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ስለሚያስደነግጥ ሁሉንም አንዴ አትዘዝ። መጀመሪያ ቺንጋው፣ ቀጥሎ ፍሬኑና የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማዎቹ። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ሱፖርቶች ይከተሉ፤ መኪናው ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነሱ ነው።

ክረምት ሳይገባ የባትሪውን ማስቀመጫ ላሜራ እይ። በአሲድ ተበልቶ ከሆነ ዝናቡ እግርጌ ድረስ ይገባል።

አንድ ቀን ደግሞ ሞተሩ እየዞረ አልነሳም ይልሃል። ያኔ የቤንዚን ፓምፕ እንቀይር፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል የሚልህን አትስማ። ለሞተሩ ኮምፒውተርና ለቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ የምታቀብል፣ የዲኤምኢ ሪሌ የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ውስጧ ያለው ሶልደር በዕድሜ ይሰነጠቃል። ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ በደቂቃዎች ይበይድልሃል። እኔ ትርፍ ገዝቼ ክሩስኮቱ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

የውጥረት መለኪያዋን አላውስም፣ ይቅርታ። አንዴ አውሼ የተመለሰችው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። ቺንጋው ሲገጠም ግን ጥራኝ፣ ይዣት እመጣለሁ። ከዚያ በፊት የሻንሲውንና የሊብሬውን ፎቶ በውስጥ ላክልኝ፤ ዜዶቹን አብረን እንቁጠራቸው።