ሳላምን ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ማታለል ነው ወይ?

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ በጥቅምት ወር ዐረፈ። ቤተሰባችን ኦርቶዶክስ ነው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነበር። አላምንም ብሎ መናገር ይከብደኛል። አምናለሁ ብልም ውሸት ይሆንብኛል።

በለቅሶው ሰሞን ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ነው የወሰደው፣ ለበጎ ነው» ሲለኝ ውስጤ ይነድ ነበር። አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። በአርባው ቀን ግን ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱና የአባቴን የክርስትና ስም ሲጠሩ፣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ለቀቀኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በ27 መድኃኔዓለም እሄዳለሁ። ወደ ውስጥ አልገባም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን ሰምቼ እመለሳለሁ። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወንድሜ ዋሽንግተን ነው ያለው። ወረቀቱ ስላላለቀለት ለቀብሩ አልመጣም። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ፕላሲቦ ነው፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ውጠሽ ዳንኩ እንደማለት ነው» አለኝ። እውነቱን ይሆን? የማላምንበት ነገር እንዴት ያጽናናኛል? እያስመሰልኩ ነው ወይ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ። «ለበጎ ነው» አልልሽም፤ እኔም ይህን ቃል አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ለመንገር ግን ስለ እናቴ ማውራት አለብኝ። ረዘም ይላልና ቡና ካለሽ ቅጂ።

በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። ጊዜው ቀይ ሽብር ነው። እሱ 22 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 19። ሬሳውን አላየንም። መሞቱን የነገረን ሰው እንኳ በሹክሹክታ ነው የነገረን። በዚያ ዘመን እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። ድንኳን የለ፣ ጥሩንባ የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ይመጣሉ። አንዷ እሳት ልጫር ብላ፣ ሌላዋ ጨው አለቀብኝ ብላ። ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እናቴ ቡና ታፈላለች። ጠጥተው፣ ምንም ሳይሉ፣ ጉልበቷን ነካ አድርገው ይወጣሉ። ከጎናችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም እናት በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ወንፊት ተውሰውናል። ቤታቸው ሁለት ወንፊት ነበራቸው።

እናቴ አታለቅስም ነበር። የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። ከቀሚሷ ሥር ጥቁር ለብሳ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እህል ትቀምሳለች እንጂ አትበላም።

ከዚያ ስቅለት ደረሰ። ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውለሽ የምታውቂ ከሆነ ትዝ ይልሻል። ከበሮ አይመታም፣ ጽናጽል የለም። ግብረ ሕማማት ይነበባል። «ኪርያላይሶን» እየተባለ መውደቅና መነሣት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማምሻው። መጨረሻ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባሽን ቸብ ቸብ እያደረጉ የምትሰግጂውን ቁጥር ይነግሩሻል። እናቴ ያን ቀን ጉልበቷ እስኪላጥ ሰገደች። ከቀትር በኋላ ይመስለኛል፣ ግንባሯ መሬት ሲነካ አንድ ድምፅ አወጣች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዞር ብዬ ሰው አየን ብዬ ፈራሁ። ማንም አላየንም። ዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ያለቅሱ ነበር። ያን ቀን በዚያ ግቢ ሁሉም የሚያለቅሰው ልጇ ፊቷ ለተገደለባት እናት ነው። እናቴን ለማን ነው የምታለቅሺው ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ርቦኛል» አለች። ስቅለት የዋለ ሰው ይርበዋል፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እናቴን ያጽናናት ማብራሪያ አይደለም። ማብራሪያ እኮ መጥቶላት ነበር። የንስሐ አባታችን አንድ ማታ ተደብቀው መጥተው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሏት። «አባቴ፣ ይሄ የእግዚአብሔር አይደለም፤ ይሄ የሰው ነው» አለቻቸው። ዝም አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዝም ማለታቸውን እስከ ዛሬ አከብርላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ዳዊት ይደግሙላት ነበር እንጂ ለማስረዳት አልሞከሩም። ስለዚህ «ለበጎ ነው» ሲሉሽ ውስጥሽ ቢነድ እምነት ስላነሰሽ ነው ብለሽ አትጨነቂ። ከእናቴ የበለጠ አማኝ አላውቅም፤ እሷንም አንድዷታል።

ወንድሜ፣ የተወሰደው ማለቴ ነው፣ የጥናት ክበብ ሰው ነበር። እኔንም ያስገባኝ እሱ ነው። «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» እያለ እናቴን ያበሽቃት ነበር። እሷ ደግሞ «ታዲያ ጥርስህን ሲነቅሉህ ለምን ተወጋኸው?» ትለዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ማርክስ ያን ቃል የጻፈበትን አንቀጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 የታተመውን፣ ሙሉውን አነበብኩት። ለካ ከማደንዘዣው ቀደም ብሎ ሃይማኖትን የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ይለዋል። የእኛ ክበብ እዚያ ጋ አልደረሰም ነበር።

ሐዘን ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ይሆኑብሻል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ቀን ቆጥራ ትሰጥሻለች። ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ለምን አርባ ሆነ ብትዪ ካህናቱ ምክንያቱን ይነግሩሻል። ለሐዘንተኛ ግን ዋናው ከፊቷ የሚመጣ ቀን መኖሩ ነው። ባለ ወንፊቷ ጎረቤታችንም ባላቸው ሲሞቱ 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ተቀመጡ። ሲጨርሱ «ልቤ አላለቀለትም፣ ግን በሩ ተከፈተልኝ» ብለውኛል። አንቺም ይኸው 27ን ለራስሽ ቆረጥሽ። ማንም ሳያዝሽ።

ይህንማ እድርም ያደርገዋል ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም የእድር ነው፤ ንፍሮውን የቀቀሉት ጎረቤቶች ናቸው። እድር ደግሞ ክርስቲያን ሙስሊም አይልም። ካገኘሽው መጽናናት ግማሹ የሰው ነው፤ እሱን ለእግዜር አሳልፈሽ አትስጪው። ግን ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ወንበሩ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ እድር የለም።

እናቴ በዚያ ሰዓት ከማርያም ሥዕል ጋር ትጣላ ነበር። ስትጸልይ አይደለም፣ ስትጣላ ነው የምሰማት። «አንቺም ደርሶብሻል። ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ትላታለች። አንዳንዴ ታኮርፋታለች፤ ሥዕሏን ወደ ግድግዳ አዙራት የተኛችበት ቀን አለ። ጠዋት ትመልሳታለች። እኔ ያኔ አላምንም ባይ ነበርኩ። የምጣላው አልነበረኝም። ስለዚህ ለአራት ዓመት ያህል ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ተጣላሁ። ከሁለታችን ቀድማ የተኛችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሃይማኖት ሁልጊዜ ያጽናናል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ለተዝካር ተበድሮ ለሦስት ዓመት ዕዳ ሲከፍል የኖረ ቤት አውቃለሁ። ጸበሉ ይበቃሃል ተብሎ ክኒኑን የጣለ ሰውም አውቃለሁ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበሉ ጋር አብሮ ቢወሰድ ኃጢአት የለበትም ብለው በአደባባይ የተናገሩት እኮ ወደው አይደለም። አንቺም እንቅልፉ ከ27 ውጭ ጨርሶ እንቢ ካለሽ፣ ሥራ መግባት ካቃተሽ፣ ሐኪም አነጋግሪ። ዛፏንም አትተዪ።

እያስመሰልኩ ነው ወይ ላልሺው፣ የእናቴ የስቅለት ልቅሶ ለጌታ ነበር ወይስ ለወንድሜ? አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «የቱ ጋ እንደሚለይ አላውቀውም» አለችኝ። ደግሞ ዛፍ ሥር መቆምን አንቺ አልጀመርሽውም። ቅዳሴ ባለበት ቀን የትኛውም ደብር ሂጂና ግቢውን እዪ። በር ተደግፎ የሚቆም አለ፣ አጥሩ ሥር የሚቆም አለ፣ ከደጀ ሰላሙ የማያልፍ አለ። ምክንያታቸው የየራሳቸው ነው፤ የሚጠይቃቸውም የለም። እኔም ዛሬ ከእነሱ አንዷ ነኝ። የትኛው በር ጋ እንደምቆም ግን አልነግርሽም።

የእናቴን ነገር ልጨርስልሽ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ሰኔ ላይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች። «ድንኳኔን ስጡኝ» አለች። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ደንቡ ሞት በሰባት ቀን ውስጥ ይነገር ይላል፤ እሷ 13 ዓመት ዘግይታለች። አንዱ፣ ጸሐፊው መሰለኝ፣ ደንብ ደንብ ነው አለ። እናቴ የመዋጮ ደብተሯን ከጉያዋ አወጣች። «ስንት ወር አስቀርቻለሁ? ቁጠሩ» አለች። ቆጠሩ። አንድም አላስቀረችም።

ድንኳኑ ተተከለ። ጥሩንባ ነፊው ንጋት ላይ በየመንደሩ ዞሮ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠራ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ስሙ በዚያ ሰፈር ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከ13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፍትሐቱ ያለ ሬሳ ተደረሰ። ሰው ሞላ። ወንድሜ ሲሞት ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ንፍሮ ያዞሩ ነበር። ባለ ወንፊቷ ጎረቤታችን ወንፊት በእጃቸው ይዘው ገቡ። «ልመልስ ብዬ ነው» አሉ። እናቴ አየቻቸውና ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ጥቁሩን በዚያው ቀን ከላይ ለበሰችው። አንድ ዓመት ለብሳ፣ ሙት ዓመቱን አውጥታ፣ አወለቀችው።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ፕላሲቦ ቢል ይበል፤ ሐኪሞችም ቢሆኑ ክኒኑ ባዶ ሆኖ ሕመሙን ሊያስታግስ እንደሚችል ያውቃሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሳቁ ነው። መርዶውን ማን ነገረው? እዚያ ያሉ የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ በማለዳ ተሰባስበው በር ያንኳኳሉ፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ብለው። ወይስ እሱ ሥራ ላይ ቆሞ በስልክ ነው የሰማው? ጠይቂው። ድንኳን ያልገባ፣ አፈር ያልበተነ፣ አርባ ያልቆመ ልጅ ነው።

የሚመጣው 27 ጠዋት ዛፏ ሥር ስትደርሺ ደውዪለት። እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ገደማ ይሆናል፤ ይነሣ። ምንም አታስረጂው። ስልኩን ቅዳሴው ወደሚሰማበት አዙሪና ዝም ብለሽ ያዢለት። ከዘጋውም ይዝጋው።