በሰዓት 2 ዶላር ይበልጣል፤ ቤቱ ግን አላማረኝም

ሰላም እህቴ፣

ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትኖሪው ሲያትል አካባቢ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ለነርሲንግ መግቢያ የሚያስፈልጉ ኮርሶችን እየወሰድሽ ነው። ሁለት አደልት ፋሚሊ ሆሞች፣ ማለትም ጥቂት አዛውንትና ረዳት የሚሹ ሰዎች የሚጦሩባቸው መኖሪያ ቤቶች፣ ኬር ጊቨር (ተንከባካቢ) አድርገው ሊቀጥሩሽ ፈልገዋል። የመጀመሪያውን ቤት ባለቤት እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ያውቋቸዋል፤ ክፍያውም በሰዓት 2 ዶላር ይበልጣል። ለሙከራ አንድ ቀን ዋልሽ። ስድስቱም ነዋሪዎች ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት ተቀምጠው ዋሉ። ገና ምሳ ሳይደርስ የማታው መድኃኒት ተፈርሞበት አየሽ። ባለቤቷም «ኮስትኮ ደርሼ መጣሁ» ብለው ከነዋሪዎቹ ጋር ብቻሽን ትተውሽ ሄዱ። ሁለተኛው ቤት ሩቅ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። «ይሄ የተለመደ ነው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?» ብለሻል።

አላካበድሽም። የመጀመሪያውን ቤት ተይው። ሁለተኛውንም ቢሆን በደንብ ሳታዪ እሺ አትበዪ።

ከፊርማው ልጀምር፤ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ የመድኃኒት መዝገብ አለው። በአንድ በኩል የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ በሌላው በኩል ለወሩ ቀናት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። መድኃኒቱን የሰጠው ሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደላት በዕለቱ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ሰውየው ከዋጠ በኋላ ነው። የማታው ሳጥን ጠዋት ከተሞላ፣ ማታ ሺፍት የምትገባዋ ልጅ ወረቀቱን አይታ «ተሰጥቷል» ብላ ታልፈዋለች። ወይም ወረቀቱን ስለማታምነው ራሷ ትሰጣለች፤ ያን ጊዜ ሁለቴ ተሰጠ ማለት ነው። የደም ማቅጠኛ ወይም ኢንሱሊን ቢሆንስ? ሰውየው ያን ማታ አልውጥም ሊል ይችላል፤ ሊያስመልሰው ወይም ሆስፒታል ሊገባም ይችላል። ወረቀቱ ግን ውጧል ይላል።

አንቺም እዚያ ቤት ከገባሽ ብዙም ሳትቆዪ «ፈርሚና ሂጂ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው» መባልሽ አይቀርም። ነገሩ ሲመረመር የሚነበበው ያንቺ ፊደል ነው። በዋሽንግተን ስቴት በደል ወይም ቸልተኝነት ተረጋግጦበት መዝገብ ላይ የገባ ሰው፣ ራሳቸውን መጠበቅ ከማይችሉ አዋቂዎች ጋር እንዳይሠራ ይታገዳል። ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) ከመላካቸው በፊት ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም ያለፈ ጥፋት ማጣሪያ፣ ይጠይቃሉ። እንግዲህ 2 ዶላሩን ከዚህ ጋር አመዛዝኚው።

ብቻሽን መተውሽም ቀላል ነገር አይደለም። ባክግራውንድ ቼኩ ሳይጣራ አዲስ ሰውን ያለ ተቆጣጣሪ ከነዋሪ ጋር መተው አይፈቀድም። ሥራ ከመጀመርሽ በፊትም የ5 ሰዓት የኦረንቴሽንና የደህንነት ትምህርት መውሰድ ነበረብሽ። እሳት ቢነሳ ነዋሪዎቹ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከቤት መውጣት አለባቸው። አንቺ ደግሞ የኋላው በር የት እንደሆነ እንኳ ያሳየሽ ሰው የለም።

በቲቪው ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። ቀኑን ሙሉ ዜና ማየት የሚወዱ አዛውንት አሉ፤ መብታቸውም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከወንበሩ ማን አነሳቸው የሚለው ነው። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል፤ ወንበር ላይ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከተጫነበት ቦታ ዞር መደረግ አለበት። ያለዚያ መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል። ቁስሉ አንዴ ከተከፈተ መዳኑ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሁለተኛው ቤት ከመሄድሽ በፊት ዲ ኤስ ኤች ኤስ (የስቴቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጊ። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ ሳይናገር ድንገት እየመጣ የሚፈትሸውም ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ የፍተሻ ሪፖርቱም ለማንም ክፍት ነው። አንድ ሁለት ጥፋት ቢገኝበት አትደንግጪ፤ ጥሩ ቤትም ይሳሳታል። ያው ጥፋት በተከታታይ ሪፖርት ላይ ከተደጋገመ ግን ይቅርብሽ።

ስትሄጂ በምግብ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ማብላት የሠራተኛን ጠባይ ያጋልጣል። ኬር ጊቨሯ ቁጭ ብላ ነው የምታበላው ወይስ ቆማ፣ ስልኳን እያየች? የጎረሱትን እስኪውጡ ትጠብቃለች? ውኃው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ክፍሉ ጥግ ላይ? የመጥሪያ ደወሉስ? አልጋው ሥር ወድቆ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሪው። አንድ ነገር ደግሞ ለኛው ለአበሾች ልበል። ሁለት ኬር ጊቨሮች አንዲትን አሮጊት እያጠቡ በላያቸው ላይ በአማርኛ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ይዋላል። ሴትዮዋ ስለሳቸው የሚወራ ይመስላቸዋል። እኔ ብሆን ይሄን ካየሁ እዚያ ቤት አልቀጠርም፤ ሥራውን የሚያስተምርሽ ሰው ያን ጠባይም አብሮ ያስተምርሻልና።

ባለቤቱንም ጠይቂ። ማታ ስንት ሰው ይቆማል? እዚያው የምታድሪ ከሆነ የሌሊቱ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል? ነርስ ዴሊጌተሩ ማን ነው? እዚህ ስቴት ነርስ የተወሰነ ሥራ፣ ለምሳሌ ኢንሱሊን መውጋት፣ አሠልጥና ለአንድ የተለየ ነዋሪ ብቻ ታወክልሻለች። ለሱ የ9 ሰዓት ኮርስ አለ፤ ኢንሱሊን ሲሆን 3 ሰዓት ይጨመራል። «እኔ አሳይሻለሁ፣ ቀላል ነው» የሚል ባለቤት ካጋጠመሽ ቤቱን ጥለሽ ውጪ።

ስለ ሥራው ሰርተፊኬት ብዙ አልልም። ሆም ኬር ኤይድ (ሰርተፊኬት ያለው ተንከባካቢ) ለመሆን 75 ሰዓት ሥልጠና ትወስጃለሽ፤ ከተቀጠርሽ በ200 ቀን ውስጥም ሰርተፊኬቱን መያዝ አለብሽ። ሐሳብሽ ነርሲንግ ስለሆነ ግን እኔ ሲ ኤን ኤውን (የነርስ ረዳትነቱን ሰርተፊኬት) እመርጥልሻለሁ። ፋሚሊ ሆምም፣ ነርሲንግ ሆምም፣ ሆስፒታልም ያሠራሻል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን የራሴን ቤት ልክፈት ብትዪ 1,000 ሰዓት የእንክብካቤ ሥራ ልምድ ትጠየቂያለሽ፤ የምትሠሪበትን ሰዓት ከአሁኑ መዝግቢው።

የቀረው የይሉኝታው ነገር ነው። ለባለቤቷ ዝርዝር ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ «ሌላ ቦታ ወስኛለሁ፣ አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ለእናትሽ ግን ያየሽውን ንገሪያቸው፤ ነገ ሌላ ልጅ ወደዚያ እንዳይልኩ። ስድስቱ ነዋሪዎች ደግሞ ዛሬም እዚያው ናቸው። 1-866-363-4276 የስቴቱ የጥቆማ መስመር ነው፤ ስምሽን ሳትናገሪም ይቀበሉሻል። ኬር ጊቨር ሆነሽ ከተቀጠርሽ በኋላ እንዲህ ያለውን ማሳወቅ በሕግ ግዴታሽ ይሆናል። አሁን በፈቃድሽ ነው፤ እኔ ግን ደውዪ እላለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ሳጥን ላይ ፊርማ እንዳየሽ ሳይጠፋብሽ ዛሬውኑ ጻፊና ያዢ።

ሁለተኛውን ቤት አይተሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ።